ኢብኑ ሻጢር፦ ሰማይን ለሶላት ያዋሉት ሙወቂት



ሉክ ጄራም የተባለ እንግሊዛዊ የሥነ ጥበብ ሰው ከእ.ኤ.አ. 2016 ጀምሮ ሰባት ሜትር ስፋት ያላትን፣ ከውስጧ የምታበራ ሰው ሠራሽ ጨረቃ በየአገሩ እየሰቀለ ሲያሳይ ቆይቷል። ገጽዋ ላይ የታተመው ምስል ከአሜሪካው የጠፈር ምርምር ድርጅት ከናሳ የተገኘ ነው፤ በእሷ ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር የሆነው በእውነተኛዋ ጨረቃ ላይ አምስት ኪሎ ሜትር ነው። በ2018 ደግሞ ምድርን ራሷን በዚሁ መልክ ሠራ። እነዚህ ሉሎች ከተሰቀሉባቸው ሥፍራዎች መካከል ብዙ መቶ ዓመታት ያስቆጠሩ የእንግሊዝ ካቴድራሎች ይገኙበታል። ሕዝቡ ከሥራቸው ቆሞ አንገቱን ቀና ያደርጋል፤ ይደነቃል፤ ፎቶግራፍ ይነሣል። የማሳያው ጊዜ ሲያበቃ ሉሎቹ ወርደው ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳሉ።

ይህን ያዩ ወጣት ሙስሊሞች አንዳንድ ጊዜ ሁለት ጥያቄ ያቀርቡልኛል። አንደኛው የሰማይ እውቀትንና የአምልኮ ቤትን ምን ያገናኛቸዋል የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ የእኛ ታሪካዊ መስጂዶች ከዚህ ዓይነቱ ነገር ምን አላቸው የሚል ነው። ሌሎች በቤታቸው ስላደረጉት ነገር ፍርድ መስጠት የእኔ ሥራ አይደለም፤ ሰው ወደ ሰማይ ቀና እንዲል ማድረግንም አልነቅፍም። ለሁለቱም ጥያቄዎች ግን መልስ አለኝ። መልሱም ከ650 ዓመት በፊት በደማስቆ የኖሩ የአንድ ዓሊም ሕይወት ነው።

ታላቁ መስጂድና ከተማው

የደማስቆውን ጃሚዕ አል-ኡመዊ ያሠሩት ኸሊፋ አል-ወሊድ ኢብኑ ዐብዱልመሊክ ናቸው፤ ሥራው እ.ኤ.አ. ከ705 እስከ 715 ድረስ ባሉት ዓመታት ተከናወነ። ይህ መስጂድ ከመጀመሪያው የሶላት ቤት ብቻ ሆኖ አልኖረም። ዳኛው፣ መምህሩ፣ ተማሪው፣ መንገደኛው ሁሉ የሚገናኙበት ነበር። የአንዳሉሱ ተጓዥ ኢብኑ ጁበይር እ.ኤ.አ. በ1184 ደማስቆ ሲደርሱ፣ በጀይሩን በር በኩል በውኃ ኃይል የሚሠራ ትልቅ ሰዓት አይተው በጉዞ መጽሐፋቸው ገልጸውታል። በየሰዓቱ ከነሐስ የተሠሩ ሁለት ጭልፊቶች ከአፋቸው ኳስ ወደ ሳሕን ይጥላሉ፤ ሌሊት ደግሞ የመብራት ብርሃን ያለፈውን ሰዓት ያመለክታል። እንግዲህ በአምልኮ ቤት ደጃፍ ሕዝብ ቆሞ የሚደነቅበትን ነገር ማኖር ለደማስቆ ሰዎች አዲስ አልነበረም። በዚያ የሚደነቁበት ነገር ግን ሥራ ነበረው፤ ሰዓት ይናገር ነበር።

ዐላኡዲን ዐሊ ኢብኑ ኢብራሂም፣ በይበልጥ ኢብኑ ሻጢር በመባል የሚታወቁት፣ በዚህች ከተማ በሂጅራ 704 (እ.ኤ.አ. 1304 ገደማ) ተወለዱ። ገና የስድስት ዓመት ልጅ ሳሉ አባታቸው ሞቱ። የቲሙን ልጅ አያታቸው ወሰዷቸው፤ በዘመዶቻቸውም እጅ የዝሆን ጥርስን በእንጨት ላይ እየለበጡ የማስጌጥ ሙያ ተማሩ። በዚህም ሙያ የተነሣ አል-ሙጠዒም፣ ማለትም ለባጩ፣ የሚል ቅጽል ወጣላቸው። ይህን ቅጽል በኋላ ታላቅ ዓሊም ከሆኑም ወዲህ ታሪክ ጸሐፊዎች ከስማቸው አልነጠሉትም።

እዚህ ላይ ትንሽ መቆም እፈልጋለሁ። የዝሆን ጥርስ ለባጭ ሥራው ምንድን ነው? ቀጭን ቁራጭ ወስዶ በተቆፈረለት ቦታ ላይ ፀጉር በማያሳልፍ ልክ መግጠም ነው። ልኩ ትንሽ ከሳተ ጌጡ ይበላሻል። ከዚያ ዕድሜ ጀምሮ እጁና ዓይኑ ልክን የለመደ ሰው፣ ሲያድግ ወደ ሰማይ ቢመለከት በግምት የሚረካ አይሆንም። የኢብኑ ሻጢርን ሥራዎች ሳነብ የሚታየኝ ይህ የእጅ ሙያተኛ ነው። በእኛ ዘንድ የእጅ ሙያንና ዒልምን እንደ ሰማይና ምድር የሚያራርቁ ሰዎች ስላሉ ነው ነገሩን የማነሣው።

ወጣቱ ዐሊ ሙያቸውን እንደያዙ ለሥነ ፈለክ ትምህርት ወደ ግብፅ ተጓዙ፤ በካይሮና በአሌክሳንድሪያ ተማሩ። ተመልሰውም በዚያው በታላቁ መስጂድ ሙወቂት ሆነው አገለገሉ፤ የሙአዚኖችም አለቃ ነበሩ።

የሙወቂት ሥራ

ሙወቂት ማለት የሶላትን ወቅት በእውቀት የሚወስን ባለሙያ ነው። ሶላት በወቅት የተወሰነ ግዴታ እንደሆነ ከሱረቱ አን-ኒሳእ የተማርነው ነው። ወቅቱ የሚታወቀው ደግሞ ከሰማይ ነው። ዙህር የሚገባው ፀሐይ ከመካከለ ሰማይ ዘንበል ስትል ነው። ዐስር የሚገባው በቀትር ከነበረው ጥላ በተጨማሪ የአንድ ነገር ጥላ የራሱን ቁመት ሲያክል ነው፤ በሐነፊዮች ዘንድ ሁለት እጥፍ ሲሆን ነው። መግሪብ በፀሐይ መጥለቅ፣ ዒሻእ የምዕራቡ ወጋገን ሲጠፋ፣ ፈጅር የምሥራቁ ንጋት ሲቀድ ነው። የገጠሩ ሰው ይህን በዓይኑ አይቶ ይሰግዳል፤ ሶላቱም ትክክል ነው። በታላቅ ከተማ ግን ሕንፃው አድማስን ይጋርዳል፤ ደመና ይመጣል፤ በአንድ ድምፅ የሚጠራውም ሕዝብ ብዙ ነው። ስለዚህ በግብፅና በሻም መስጂዶች ለዚህ ሥራ ባለሙያ ተመደበ። የሰማይ ምሁር ከመስጂድ ሠራተኞች አንዱ ሆነ ማለት ነው።

በኢብኑ ሻጢር ዘመን ደማስቆ በዚህ ሙያ የታደለች ነበረች። ሸምሱዲን አል-ኸሊሊ የተባሉት የሙያ ባልደረባቸው ለደማስቆ ያዘጋጁት የሶላት ወቅት ሠንጠረዥ እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ሲሠራበት ቆይቷል። በዚያ ሠንጠረዥ ፈጅር ፀሐይ ከአድማስ በታች 19 ዲግሪ ላይ ስትሆን፣ ዒሻእ ደግሞ 17 ዲግሪ ላይ ስትሆን ይገባል። እነዚህ ሰዎች ምን እንደለኩና በምን እንደለኩ ጽፈው ያስቀምጡ ነበር፤ የሚቀጥለው ትውልድ መመርመር ይችል ዘንድ።

ስለ ኢብኑ ሻጢር የቤት ኑሮ የደረሰን ጥቂት ነው፤ አንዱን ግን የዘመኑ ታዋቂ ጸሐፊ አስ-ሰፈዲ ትቶልናል። በሂጅራ 743 (እ.ኤ.አ. 1343 ገደማ) ወደ ቤታቸው ሄዶ፣ በግድግዳ ላይ የቆመ፣ ስፋቱ ሦስት አራተኛ ክንድ ያህል የሆነ መሣሪያ አየ። መሣሪያው ያለ ውኃና ያለ አሸዋ ቀንና ሌሊት ይዞራል፤ የሰማይን ዙረት እየተከተለም ሰዓትን ያሳያል። አስ-ሰፈዲ በአድናቆት መዝግቦታል። አምስት ዓመት ያህል ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1348፣ ታላቁ ወረርሽኝ ደማስቆ ገባ። በዚያ የሞት ዘመን የከተማው ሕዝብ አለቀ፤ ዓሊሞችም ሞቱ። ኢብኑ ሻጢር ተረፉ፤ ከሥራዎቻቸው ሁሉ በይበልጥ የታወቀውንም የሠሩት ከዚያ በኋላ በእርጅናቸው ነው።

ጨረቃን በወረቀት ላይ ማስተካከል

ኢብኑ ሻጢርን በዓለም ያሳወቃቸው ኒሃየቱ ሱል የተባለው መጽሐፋቸው ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። የግሪኩ በጥሊሞስ ከእሳቸው አንድ ሺህ ሁለት መቶ ዓመት በፊት የጨረቃን አካሄድ የሚያስረዳ ንድፍ አውጥቶ ነበር። ንድፉ ጨረቃ በየትኛው የሰማይ ክፍል እንደምትገኝ በመጠኑ ይናገራል። ነገር ግን አንድ ትልቅ እንከን ነበረበት። እንደ ንድፉ ከሆነ ጨረቃ አንዳንድ ጊዜ ወደ ምድር እጅግ ትቀርባለች፤ ርቀቷ ወደ ግማሽ ሊወርድ ይደርሳል። እንዲህ ከሆነ በዓይናችን ወደ ሁለት እጥፍ ገዝፋ መታየት ነበረባት። ማንም ግን እንዲህ ያለች ጨረቃ አይቶ አያውቅም።

ብዙዎች ይህን አይተው አልፈውታል፤ ሒሳቡ ቦታዋን እስከነገረን ድረስ ምን አለበት ብለው። ኢብኑ ሻጢር አላለፉትም። ሰማይ ላይ ያለችው ጨረቃ አንድ ነገር ስትናገር ወረቀቱ ሌላ ሊናገር አይገባም አሉ። ስለዚህ አንዱን ክብ በሌላው ላይ እየደረቡ አዲስ ንድፍ ሠሩ፤ የጨረቃ ርቀት ዓይን ከሚያየው ጋር ይበልጥ ተስማማ። ለፀሐይና ለፕላኔቶችም እንዲሁ አዲስ ንድፍ አወጡ። በዚህ ላይ የተመሠረተው አዚጅ አል-ጀዲድ የተባለው ሠንጠረዣቸው በደማስቆ ለብዙ መቶ ዓመታት አገልግሏል።

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ቤይሩት በሚገኘው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት ኤድዋርድ ኬነዲና ቪክቶር ሮበርትስ የተባሉ ተመራማሪ ይህን ንድፍ ሲመረምሩ ተገረሙ። ፖላንዳዊው ኮፐርኒከስ በ1543 ባሳተመው መጽሐፉ ያቀረበው የጨረቃ ንድፍ፣ ከጥቃቅን የቁጥር ልዩነት በቀር፣ ከኢብኑ ሻጢር ንድፍ ጋር አንድ ሆኖ ተገኘ። የሮበርትስ ጥናት በ1957 ታተመ።

በአንዳንድ የእኛ ጽሑፎች ኮፐርኒከስ የሙስሊሞችን ሥራ ሰረቀ የሚል ይነበባል። እኔ እንዲህ ብዬ አልጽፍም። ንድፉ በምን መንገድ አውሮፓ እንደደረሰ የታሪክ ምሁራን እስካሁን ይከራከራሉ። ደግሞም ኢብኑ ሻጢር ምድርን ከመካከል አላነሡም፤ ምድር በፀሐይ ዙሪያ ትዞራለች ያለው ኮፐርኒከስ ነው። የእያንዳንዱን ሰው ድርሻ ለባለቤቱ መስጠት ዐድል ነው። ኢብኑ ሻጢርም የእኛ የተጋነነ ምስክርነት አያስፈልጋቸውም፤ የሠሩት ይበቃቸዋል።

ከሚናራው ላይ የተተከለው እብነ በረድ

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እመለሳለሁ፤ መስጂዶቻችን ምን ነበራቸው ወደሚለው። በሂጅራ 773 (እ.ኤ.አ. 1371) ኢብኑ ሻጢር፣ ወደ 70 ዓመት የሚጠጋ ሽማግሌ ሆነው፣ ለታላቁ መስጂድ አንድ የፀሐይ ሰዓት ሠሩ። ርዝመቱ ሁለት ሜትር፣ ወርዱ አንድ ሜትር ያህል የሆነ የእብነ በረድ ጠፍጣፋ ነው። የተተከለው ከመስጂዱ ሦስት ሚናራዎች በሰሜን በኩል ባለው፣ አል-ዐሩስ ወይም የሙሽራዋ ሚናራ በሚባለው ላይ ነው። በእብነ በረዱ ላይ መስመሮችና ጥምዝ ቅርጾች በጥንቃቄ ተቀርጸዋል፤ በመካከል ትልቁ፣ በሁለቱ ጫፎች ትንንሾቹ፣ በአንድ ጠፍጣፋ ላይ ሦስት የፀሐይ ሰዓቶች ማለት ነው።

የጥላው ዘንግ አቀማመጥ የሥራው ልብ ነው። ቀጥ ብሎ የቆመ ዘንግ ጥላው በየወሩ ይለዋወጣል፤ በበጋ የተቀረጸ መስመር በክረምት አይሠራም። ኢብኑ ሻጢር ግን ዘንጉን ሰማይ የሚዞርበት ወደሚመስለው ወደ ሰሜኑ ዋልታ አነጣጠሩት። እንዲህ ሲሆን ዘንጉ ከምድር ዛቢያ ጋር ትይዩ ይሆናል፤ ጥላውም ዓመቱን ሙሉ እኩል ሰዓቶችን ይናገራል። እስከ ዘመናችን ከተረፉት የዚህ ዓይነት የፀሐይ ሰዓቶች ሁሉ አንጋፋው ይህ ነው።

ሰዓቱ ከፀሐይ መውጣት ወዲህ ስንት እንዳለፈ፣ እስከ መጥለቋም ስንት እንደቀረ ይናገራል። ለአውሮፓ አንባቢ ይህ ልዩ ነገር ሊመስለው ይችላል፤ ለእኛ ግን አይከብደንም። ጧት አንድ ሰዓት የምንለው ፀሐይ ከወጣች አንድ ሰዓት ሲሆናት አይደለምን? ከዚህም ሌላ እስከ ዙህርና እስከ ዐስር ያለውን ጊዜ ያሳያል፤ ለመግሪብ የቀረውን ያመለክታል፤ ለዒሻእና ለፈጅር የሚረዱ መስመሮችም አሉት።

እንግዲህ አስቡት። ከሥር ሕዝቡ በገበያው ይራኮታል፤ ከላይ ሙአዚኑ ከእብነ በረዱ አጠገብ ቆሞ ጥላውን ይጠብቃል። ጥላው መስመሩን ሲነካ ድምፁን ያሰማል፤ ከተማው ሁሉ ይነሣል። እብነ በረዱን ከሥር የሚያየው የለም፤ የሚደነቅበት መንገደኛም የለም። ሰማይ በመስጂዱ ውስጥ ነበረች፤ የነበረችው ግን እንድትታይ ሳይሆን እንድታገለግል ነው። የእኔም መልስ ይኸው ነው።

ከዚህ ትልቅ ሥራ ቀደም ብለው ለመንገደኛ የሚሆንም ሠርተዋል። ሰንዱቁል የዋቂት የተባለው ትንሽ ሳጥን ወርዱና ርዝመቱ 12 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። በውስጡ ቂብላ የሚያመለክት ኮምፓስና የፀሐይ ሰዓት አለው። የልጅነት ሙያቸው ከእርጅና እውቀታቸው ጋር በአንዲት ሳጥን ተገናኘ ማለት ነው።

ኢብኑ ሻጢር በሂጅራ 777 (እ.ኤ.አ. 1375 ገደማ) ወደ አኺራ ሄዱ። ከ26 ዓመት በኋላ በ1401 የቲሙር ሠራዊት ደማስቆን ሲይዝ መስጂዱ ተቃጠለ፤ በ1893ም ሌላ ቃጠሎ ደርሶበታል። የመጀመሪያው እብነ በረድ ተሰባብሮ ስብርባሪው በደማስቆ ቤተ መዘክር ይገኛል። ነገር ግን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ አጥ-ጠንጣዊ የተባሉ የዚያው ከተማ ባለሙያ በልኩ ገልብጠው በቦታው አኑረውታል። ከ500 ዓመት በኋላ ያንን ሥራ አንብቦ መልሶ ሊሠራ የሚችል ሰው በደማስቆ ነበር። ከእብነ በረዱ ይልቅ ይህ ያስደስተኛል።

እኛስ?

አሁን በከተማ መስጂዶቻችን ግድግዳ ላይ በቀይ ቁጥር የሚያበሩ የሶላት ሰዓቶች ተሰቅለዋል፤ በየእጃችን ባለው ስልክም አዛን ይሰማል። ይህ የአላህ ጸጋ ነውና አልነቅፈውም። የምጠይቀው ሌላ ነው። ከእኛ መካከል ያ ቁጥር ከየት እንደመጣ የሚያውቅ ማነው?

ነገሩ ቀላል አይደለም። ፈጅርን የግብፅ መሥሪያ ቤት በ19.5 ዲግሪ፣ ኡሙል ቁራ በ18.5፣ የሙስሊም ዓለም ሊግ በ18፣ የሰሜን አሜሪካ እስላማዊ ማኅበር በ15 ይቆጥሩታል። በእኛ አገር አንድ ዲግሪ አራት ደቂቃ ከትንሽ ነው፤ ስለዚህ በ15ና በ19.5 መካከል ያለው ልዩነት 20 ደቂቃ ሊጠጋ ይችላል። ጾመኛ ለሆነ ሰው 20 ደቂቃ ቀላል ነውን? ስልኩን የገዛው ልጅ ሳያውቀው አንዱ ተመርጦለታል። እንዲሁም ድሬዳዋና ሐረር ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ ሦስት ዲግሪ ያህል ይርቃሉ፤ ፀሐይ በእነሱ ዘንድ ወደ 12 ደቂቃ ቀድማ ትጠልቃለች። ጋምቤላ ደግሞ በስተምዕራብ ነውና ዘግይታ ትጠልቃለች። ለአዲስ አበባ የታተመ ወረቀት ጋምቤላ ላይ ቢለጠፍ፣ ጾመኛው ፀሐይ ሳትጠልቅ ሊያፈጥር ነው። ፈትዋው የዑለማዎቻችን ነው፤ እኔ በዚያ አልገባም። ነገር ግን ዓሊሙ ፈትዋ የሚሰጥበትን ልክ የሚለካለት ሰው ያስፈልገዋል።

ስለዚህ ለመስጂድ ኮሚቴዎች አንድ ሐሳብ አለኝ። ለምንጣፍ፣ ለድምፅ ማጉያና ለመብራት ገንዘብ ስናሰባስብ፣ ከየከተማው አንድ ወይም ሁለት ሒሳብ የሚወዱ ወጣቶችን መርጠን ይህን ሙያ እናስተምር። መጀመሪያው ውድ አይደለም። በመስጂዱ ግቢ አንድ ቀጥ ያለ ዘንግ ይተከል፤ ልጆቹ ጥላውን በየቀኑ ይለኩ፤ የዙህርንና የዐስርን ወቅት ከወረቀቱ ጋር ያመሳክሩ። በአዲስ አበባ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ ማለቂያ አካባቢ ፀሐይ በቀትር በቀጥታ ከራስ በላይ ስለምትሆን ዘንጉ ጥላ አይኖረውም። በእነዚህ ሁለት ጊዜያት መካከል ደግሞ የቀትር ጥላው ወደ ደቡብ ይወድቃል። ይህን በዓይኑ ያየ ልጅ የሰማይ እውቀት የሌላ ሰው ንብረት ነው ብሎ አያስብም።

አባቱ በስድስት ዓመቱ የሞተበት የደማስቆ ልጅ፣ በዝሆን ጥርስ ሙያ ጀምሮ የጨረቃን ንድፍ እስከማስተካከል የደረሰው መስጂዱ ቦታ ስለነበረው ነው። የእኛ መስጂዶች ለእንዲህ ያለ ልጅ ቦታ አላቸውን? አላህ ለኢብኑ ሻጢር ይዘንላቸው፤ እኛንም ወቅታችንን የምንጠብቅና ልካችንን የምናውቅ ያድርገን። ወሏሁ አዕለም።